የካልሲው ማስታወቂያ፤ ሰሙና ወርቁ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1918፥ በየከተማው ግድግዳ ይለጠፉ የነበሩ ሥዕላዊ ማስታወቂያዎች ዛሬ በየሙዚየሙ ተጠብቀው ይታያሉ። ከእነዚህም አንዱ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ማኅበር ያወጣው ነው፤ የሱፍ ክርና የሹራብ መርፌ አሳይቶ፥ ልጆቻችን ካልሲ ያስፈልጋቸዋልና የድርሻችሁን ሥሩ ይላል። ያየው ሁሉ፥ እናት በቤቷ ተቀምጣ ለዘማች ልጇ መድከሟ እንዴት ያለ ፍቅር ነው ብሎ ያመሰግናል። እኔ ግን ከዚህ ምስጋና ጋራ ክርክር አለኝ።

አስቀድሞ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከሚሳለቁት ወገን አትቍጠረኝ። «ካልሲ ጠላት አይመልስም» የሚሉ ሰዎች የምሽጉን ጭቃ አላሰቡትም። ከ1914 እስከ 1915 ባለፈው አንድ ክረምት ብቻ ከእንግሊዝ ሠራዊት 20,000 ያህል ሰው ጥይት ሳይነካው እግሩን ታመመ። ውሃ በሞላው ጉድጓድ ቀንና ሌሊት የቆመ እግር ደም እየራቀው ይደነዝዛል፥ ያብጣል፥ ሲብስም በስብሶ ይቈረጣል። መከላከያውም እግርን ማድረቅ፥ በዓሣ ነባሪ ዘይት ማሸትና ደረቅ ካልሲ መለወጥ ነበረ። እንግዲህ ካልሲው አስፈላጊ ስለ መሆኑ አልከራከርም፤ የምከራከረው ማን ይሥራው፥ በምንስ ዋጋ በሚለው ነገር ነው።

ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ የእንግሊዝ ባለጸጎች ልብስ ማሰፋቱን ስለ ቀነሱ፥ በመርፌያቸው ያድሩ የነበሩ ብዙ ድኾች ሴቶች ሥራ ፈቱ። በዚያው በ1914 ንግሥት ሜሪ የመርፌ ሥራ ማኅበራቸውን ሴቶች ለሠራዊቱና ለችግረኞች ልብስ በነጻ ይሠሩ ዘንድ ጠሩ። የሴቶች ሠራተኞች ማኅበር መሪ የነበሩት ወይዘሮ ሜሪ ማካርተር ግን ተቃወሙ፤ እመቤቶች በነጻ የሚሠሩት ልብስ ሥራ ከፈታችው ሴት አፍ እንጀራዋን ይነጥቃል አሉ። ንግሥቲቱም ተቃውሞውን ሰምተው አልተቈጡም። ለሴቶች በደመወዝ ሥራ የሚያስገኝ የገንዘብ መዋጮ በስማቸው ተከፈተ፤ ስለ ሴቶች ሥራም ኮሚቴ ተቋቋመና ወይዘሮ ማካርተር ጸሓፊው ሆኑ።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሰሙን ሰምቶ አይነሣም፤ ወርቁን ይፈልጋል። የዚህ ማስታወቂያ ሰሙ የእናት ፍቅር ነው፤ ወርቁ ግን የሌላዪቱ ሴት ደመወዝ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላልና፥ ከድኻ ጕሮሮ በወጣ ልግስና ማጌጥ ክብር አይሆንም።

«አገር ሲወረር ደመወዝ ይቈጠራልን?» የሚለኝ ይኖራል። እኔም እጠይቀዋለሁ፤ ጥይቱን የሠራው ፋብሪካ ዋጋውን አልተቀበለምን? ሱፉን የሸጠው ነጋዴ ገንዘቡን አልቈጠረምን? ሁሉ ሲከፈለው የሴት እጅ ብቻ በነጻ ይሁን ማለት አገርን መውደድ ሳይሆን የሴትን ድካም እንደ ከንቱ መቍጠር ነው።

ይህን ስል ልጇ የዘመተባት እናት ካልሲ አትሥራለት ማለቴ አይደለም፤ የእናት እጅ ሥራ በገበያ ዋጋ አይተመንም። የምነቅፈው መንግሥት ሊገዛው የሚገባውን በልመና ሲሰበስብ፥ ሥራ የፈታችውንም ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። በማናቸውም የመከራ ዘመን ሕዝብን በነጻ ሥሩ ብሎ የሚጠራ ሰው፥ በዚህ ሥራ የሚያድር ማን ነው ብሎ አስቀድሞ ይመርምር። ባለጸጋዪቱም ሱፉን ገዝታ ሥራ ለፈታችው ሴት ከደመወዝ ጋራ ትስጣት። ያን ጊዜ አንድ ካልሲ የወታደሩንም እግር የሠራተኛዪቱንም ምድጃ ያሞቃል።