መድኃኒቱና መንገዱ

ለሚ ከጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሸክም ይዞ ከቆላ ወደ ደጋ አቀበቱን የሚወጣ ሰው ጉልበቱና ወገቡ ምን እንደሚሆን ለእንሳሮ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሕመሙ ሲጠናበት ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ገዝቶ ይውጣል፤ ሕመሙም ይታገሥለታል። ነገር ግን መዋጡን ያዘወተረ ሰው ውሎ አድሮ ጨጓራውን ይዞ ሲያቃስት ይገኛል፤ ደም እስከ ማስታወክ የሚደርስም አለ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. እንደገለጠው፣ አስፕሪንና መሰሎቹ ሥራቸውን የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይመነጭ በመከልከል ነው፤ ለዚህም ሥራው በ1982 የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል። ታዲያ ይኸው ንጥረ ነገር ጉልበትን ቢያሳብጥም፣ የጨጓራን ግድግዳ ከገዛ አሲዱ የሚጠብቀውም እርሱ ነው። የተዋጠው እንክብል በደም አማካይነት መላውን አካል ስለሚያዳርስ ሌባውንም ዘበኛውንም አንድ ላይ ያስራል።

ታዲያ ለምን በጉልበቱ ላይ አይቀባም? የሚቀባ ዲክሎፌናክ በእርግጥ አለ፤ በአንደኛው ዝግጅት ላይ እንደተለካውም ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው ከመቶ ስድስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ችግሩ ቆዳ ነው። የውጭ ነገር እንዳያስገባ የተሠራ አጥር በመሆኑ፣ ከተቀባው ብዙው ከላይ ይቀራል።

ናኖኢመልሽን የተባለው ጥበብ የታሰበው ለዚህ ነው። ስሙ ቢከብድም ነገሩ ወተት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በወተት ውስጥ ቅቤው በደቃቅ ጠብታ ተበትኖ ይኖራል፤ ሲናጥም ጠብታዎቹ ይገናኛሉ። በናኖኢመልሽን የዘይቱ ጠብታ ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ እጅ ነው። በውሃ አልሟሟ ያለው መድኃኒት በዘይቱ ውስጥ ይሟሟል፤ እንደ ሳሙና ያለ አስማሚ ጠብታዎቹን ከቦ እንዳይገናኙ ይጠብቃል፤ እንዲህ የደቀቀውም ቆዳን አልፎ ለመስረግ ይቀለዋል።

በቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት ተስፋ ይሰጣል። ሆኖም አስማሚው ሲበዛ ቆዳን ያስቆጣል፤ ጠብታዎቹም ሲቆዩ ሊዋሐዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ እንደ ተአምር ከሚያወሩት ጋር አንስማማም።

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ የምትማሩ ወጣቶች ግን ነገሩን ብትይዙት መልካም ይመስለናል። አዲስ መድኃኒት መፈልሰፍ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ለነባሩ መድኃኒት መንገድ ማበጀት ግን ከዚያ ይቀላል። ውድ መኪና ባይኖር እንኳ ዘይቱን፣ ውሃውንና አስማሚውን በልኩና በተራው በማዋሐድ የሚሠራበት ዘዴ አለ። የኑግ ዘይታችን ለዚህ ይስማማ እንደሆነ መመርመር ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው። በጀት የሚይዙ ወጣት ሹማምንትም ጥናቱ ከመደርደሪያ ወርዶ ከመድኃኒት ፋብሪካ ጋር የሚገናኝበትን በር ሊከፍቱ ይገባል።

እስከዚያው ድረስ በለሚ መድኃኒት ቤት መስኮት የቆመው ወጣት ባለሙያ እንክብሉን ከመስጠቱ በፊት «አባቴ፣ ጨጓራ ያምዎታል?» ብሎ መጠየቅ አይሳነውም።