ጎንደርን ያዩ መንገደኞችና እኛ

ባገራችን «ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚል ተረት አለ። ይህ አባባል መጽሐፍ ለማይገልጥ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። የመንገደኞችን ታሪክ ሰብስቦ ያነበበ ሰው ግን ያላየው አገር ይናፍቀዋል፤ እንዲያውም ዛሬ ማንም ሄዶ ሊያየው የማይችለው፣ ከሁለትና ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ከተማ ሳይቀር ይናፍቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ለመምህራኖቻችንም ላቀርብ ያሰብሁት ጉዳይ ይኸው ነው። ታላቁን የጎንደር ከተማ ለማወቅ የመንገደኞች ታሪክ ምን ይጠቅመናል? ምንስ ይጎድለዋል?

ጥያቄውን ለማንሣት የተገደድሁት በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ ስለማይ ነው። አንደኛው ወገን ፈረንጅ የጻፈውን ሁሉ እንደ እውነት ይቀበላል፤ በክርክር ጊዜም «ብሩስ እንዲህ ብሏል» ካለ በኋላ ነገሩ የተፈጸመ ይመስለዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው የጻፈው ሁሉ ንቀትና ሐሰት ነው ብሎ መጽሐፉን ሳይገልጥ ይዘጋዋል። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ቢጣሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ጽሑፉን አለማንበብ ነው። እኔ በበኩሌ የምለው ሌላ ነው። ባገራችን የችሎት ልማድ ምስክር ይሰማል፣ ይጠየቃል፣ ቃሉም ከሌላው ምስክር ቃል ጋር ይመዛዘናል እንጂ፣ ገና አፉን ሳይከፍት አይታመንም፤ ሳይከፍትም አይባረርም። መንገደኛም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ስለ ጎንደር ሦስት ምስክሮችን እንጥራ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት ከ1636 ወዲህ ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ሆነ፣ በ1648 አል ሐይሚ የሚባል የየመን ሰው ወደ ከተማዪቱ ገባ። ሰውየው ቃዲ ነበር፤ የመጣውም የየመን ኢማም መልእክተኛ ሆኖ፣ ከቀይ ባሕር ዳር ከበይሉል ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ነው። ንጉሡ የፈለጉት ከየመን ጋር ወዳጅነትና የንግድ መንገድ ሲሆን፣ በየመን በኩል ግን ንጉሡ ምናልባት እስልምናን ሊቀበሉ ነው የሚል ተስፋ ነበረ። ተስፋው ሳይሞላ ስለ ቀረ የአል ሐይሚ ጽሑፍ ቅሬታ የሞላበት ነው። የሆነ ሆኖ ይህ የተቀየመ ሰው የፋሲልን ግንብ ባየ ጊዜ መደነቁን አልደበቀም። በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ከድንቅ ሕንፃዎች አንዱ የሚሆን ነው ብሎ ጻፈ፤ የሠራውም ሰው ሕንዳዊ እንደ ነበረ ተናገረ። የቀረውን የከተማ ቤት ግን የሣር ጎጆ ነው ብሎ አለፈው።

ሁለተኛው ምስክር ቻርል ፖንሴ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ነው። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ከቆዳ ሕመም እንዲያድን ከካይሮ ተልኮ በስናር በኩል አድርጎ በሐምሌ ወር 1699 ጎንደር ደረሰ። አብሮት የተነሣ አንድ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ፤ ካህኑ አሽከር መስሎ ይጓዝ ነበርና ከተማዪቱን ሳያይ በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ቤተ መንግሥቱ ሰፊ መሆኑን፣ በከተማዪቱም መቶ ያህል አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸውን ጻፈ። ቤቶቹ ባለ አንድ ደርብ ብቻ ስለ ሆኑ ከተማዪቱ ያውሮፓ ከተሞች ውበት የላትም አለ። ሱቅ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ነጋዴው ዕቃውን በሰፊ አደባባይ በምንጣፍ ላይ ዘርግቶ እንደሚሸጥ፣ መገበያያውም ወርቅና አሞሌ ጨው እንደ ነበረ የነገረን እርሱ ነው።

ሦስተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በየካቲት ወር 1770 ጎንደር ሲገባ በከተማዪቱ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ውስጥ የታመሙትን እንዲያክም ታዘዘ፤ የተዘጋውን በርና መስኮት አስከፍቶ፣ ቤቱን አጥኖ፣ ንጹሕ ነፋስ እንዲገባ አደረገ። በዚሁም በእቴጌዪቱና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሞገስ አገኘ። ብሩስ ጎንደር በሰላም ጊዜ ዐሥር ሺሕ ያህል አባወራ ይኖርባታል ይላል። ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ሾጣጣ የሣር ክዳን ነው። ግንቡ ቀድሞ አራት ደርብ እንደ ነበረው፣ በየጊዜው በደረሰበት ቃጠሎ ብዙው ክፍል ፈርሶ ታችኞቹ ሁለት ደርቦች ብቻ ለመኖሪያ እንደ ቀሩ ይነግረናል። ራስ ሚካኤል ስሑል ጠላቶቻቸውን ያስገደሉበትን ወራት፣ በየመንገዱ የወደቀውን ሬሳና በሌሊት የሚመጣውን ጅብም ጽፎታል።

አሁን ሦስቱን ቃላት ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው አንድ ቀን ያየ ያህል ነው፤ ሦስቱን ያነበበ ግን ከ120 ዓመት በላይ በከተማዪቱ እንደ ኖረ ይሆናል። ያው ግንብ በአል ሐይሚ ጊዜ አዲስ ነው፤ በፖንሴ ጊዜ በሙሉ ክብሩ ላይ ነው፤ በብሩስ ጊዜ ግማሹ ፈርሷል። አንዳቸውም የግንቡን ዕድሜ እጽፋለሁ ብለው አልተነሡም፤ ነገር ግን ሦስቱ ሳይተዋወቁ የሕንፃውን ወጣትነትና እርጅና ጽፈውልናል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ሦስቱ በሃይማኖት፣ በአገርና በሥራ የማይገናኙ ሰዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የንጉሡ ቤት የድንጋይ ሲሆን የሕዝቡ ቤት የሣርና የጭቃ ነበረ። ዛሬ ወደ ጎንደር የሚሄድ ጐብኚ የሚያየው በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ ነው፤ ጎንደር ማለትም ይኸው ብቻ ይመስለዋል። ከተማዪቱ በ1866 በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1888 ደግሞ በደርቡሾች በተቃጠለች ጊዜ ድንጋዩ ጠቁሮም ቢሆን ቀረ፤ ዐሥር ሺሕ አባወራ የኖረበት ጎጆ ግን ምልክት ሳይተው ጠፋ። ያን የጠፋ ከተማ፣ ማለት የገበያውን፣ የአሞሌውን፣ በምንጣፍ ላይ የተዘረጋውን ሸቀጥ፣ የምናገኘው በግንቡ አጥር ውስጥ ሳይሆን በመንገደኞቹ ወረቀት ላይ ነው።

«የራሳችን ዜና መዋዕል እያለልን ስለ ምን ከባዕድ እንማራለን?» የሚል ይኖራል። ዜና መዋዕላችን ክቡር ሀብታችን ነው፤ የነገሥታቱን ዘመቻ፣ ሹመትና ሽረት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉባኤ ከርሱ በተሻለ የሚነግረን የለም። ይሁን እንጂ ጸሐፌ ትእዛዙ ገበያ እንዴት እንደሚቆም አይጽፍም፤ የሚጽፍበትም ምክንያት የለውም፤ አንባቢው ሁሉ በየሳምንቱ ገበያ ይሄዳልና። ሰው ዕለት ዕለት የሚያየውን ነገር ለመጻፍ አይነሣም። እንግዳ ግን ለርሱ ሁሉ አዲስ ስለ ሆነ ለባለ አገሩ ተራ የሆነውን ሳይቀር ይጽፋል። የእንግዳ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ከባለ አገሩ ይልቅ ስለሚያውቅ አይደለም።

ወደ ጉድለቱ ስንመጣ ደግሞ መንገደኛ የሚያየው የመጣበትን ጉዳይ ነው። አል ሐይሚ የንጉሡን ሃይማኖት ሲመረምር ነበር። ፖንሴ በሕክምናው በኩል የፈረንሳይን መንግሥት ጉዳይ ይዞ ነበር። ብሩስ የመጣው የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ለማለት ነው፤ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የስፓኝ ካህን ግን ምንጩን በ1618 አይቶት ነበር። ይልቁንም የሚያሳዝነው ሉዊጂ ባሉጋኒ በሚባለው ጣሊያናዊ ሠዓሊ የተደረገው ነው። ባሉጋኒ በኅዳር ወር 1770 ከብሩስ ጋር ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር፤ በ1771ም ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ባሉጋኒ ከዚያ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ፤ የሥዕሎቹንም ክብር ለራሱ አደረገ። የሚያስገርመው፣ በዘመኑ የነበሩ የለንደን ሰዎች ብሩስን ውሸታም ያሉት እውነት በተናገረበት በብዙ ነገር ሲሆን፣ ስለ ባሉጋኒ በዋሸበት ላይ ግን አልያዙትም። ስለዚህ መንገደኛን ስንመዝን የሚያስደንቀውን ወሬ ብቻ ሳይሆን ክብሩን የሚነካውን ነገር መመርመር ይገባናል።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን መንገደኞቹ ያልጠየቋቸው ሰዎች ነገር ነው። በ1668 በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲቀመጡ ተወስኖ ነበር። በቀሃ ወንዝ አጠገብ ይኖር የነበረው ሙስሊም ነጋዴ፣ ግንብ የሚገነባውና ብረት የሚቀጠቅጠው ቤተ እስራኤል፣ አሞሌ የምትመነዝረው የገበያ ሴት ጎንደርን እንዴት ያይዋት ነበር? የቆሎ ተማሪውስ? ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግሬ አኵፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ አቋቋምና ትርጓሜ ሊማር በእግሩ ወደ ጎንደር የገባው ተማሪ ከፖንሴም ከብሩስም የበለጠ መንገደኛ ነበረ። ቍጥሩም ከነርሱ እጅግ ይበዛል። ነገር ግን የመግቢያውን ቀን ማንም ጽፎ አላቆየልንም። የኛ ቀዳሚዎች እነዚህ ናቸው እንጂ የንጉሥ እንግዶች አይደሉም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1965 የመንገደኞችን ታሪክ በእንግሊዝኛ ሰብስበው አሳትመዋል። እኛም በፈንታችን ጎንደርን የሚመለከቱትን ገጾች ብቻ መርጠን ባማርኛ እንተርጕም። ዐረብኛ የሚያውቁ ተማሪዎች አል ሐይሚን፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ፖንሴን፣ ግእዝ የተማሩ ደግሞ የዚያኑ ዘመን ዜና መዋዕል ይውሰዱና በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይቀመጥ። መምህራኖቻችን ትርጕሙን ቢያርሙልን ሥራው ከአንድ ዓመት የሚያልፍ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ በዕረፍት ጊዜ ወደ ጎንደርና ወደ አካባቢዋ የሚሄዱ ጓደኞቻችን ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ወደ ከተማ የገቡበትን ታሪክ ጠይቀው ይጻፉ፤ የየኔታዎችንና የአዲስ ዓለም ነጋዴዎችን አይርሱ። ዘመድ ያላቸውም በእስራኤል የሚኖሩትን የወለቃንና የአካባቢውን የቀድሞ ነዋሪዎች በደብዳቤም ሆነ በስልክ ይጠይቁ። ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ባማርኛ ነው፤ ከነርሱ ጋር የሚያልፈው ትዝታም የጎንደር ነው።

ሦስተኛ፣ በየዓመቱ ከየአገሩ ወደ ዩኒቨርሲቲያችን የሚመጣው አዲስ ተማሪ ለሁላችንም ምስክር ነው። በአንደኛው ወር ዓይኑ ገና እንግዳ ነው፤ ዋጋውን፣ መንገዱን፣ የሰላምታውን አሰጣጥ ያስተውላል። በሁለተኛው ዓመት ያ ዓይን ይጠፋል። ስለዚህ ማኅበሩ ከያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ሁለት ገጽ የመግቢያ ታሪክ ይቀበል፤ ያማረ አነጋገር አይጠየቅበት፤ ቀኑና የመጣበት መንገድ ብቻ ሳይዘለል ይጻፍ፤ ጽሑፉም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ።

«ይህ ከትምህርታችን ጊዜ ይሻማል» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ሁለት ገጽ ለመጻፍ አንድ ማታ ይበቃል። አሳቡን የሚቃወም ቢኖር በሚመጣው ዕትም መልሱን እንዲጽፍ እለምናለሁ፤ የሚደግፍ ግን ከድጋፉ ጋር ሁለቱን ገጽ ይዞ ይምጣ።