ላሚቱ የማን ናት?

በስደት ዓለም ወገኖቻችን በከፈቱት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ የምናያት ላም ዘወትር አንዲት ናት። ሻኛዋ ጉብ ያለ፣ ቆዳዋ የሚያንጸባርቅ፣ ከበስተኋላዋ ፀሐይ የምትጠልቅባት። እረኛ የላትም፤ አላቢ የላትም፤ ባለቤቷም አይታወቅም። እኛ ይህችን ሥዕል እንቃወማለን። ናፍቆት ነውር የለበትም፤ ውሸት ግን አለበት። ላም በገጠራችን ጌጥ ሆና አታውቅም። የእርሻ በሬ እናት፣ የሕፃን ወተት፣ የማገዶ ኩበት፣ የክፉ ቀን ጥሪት ናት።

«የጥንት ሰዎችስ ላም ስለው የለምን?» የሚሉን አሉ። ስለዋል እንጂ! በጌዴኦ ምድር፣ በዲላ አቅራቢያ ባለ ሸለቆ፣ በዓለት ላይ የተፈለፈለ የላም መንጋ እስከ ዛሬ ይታያል። ሻኛ የላቸውም፤ ጡታቸው ግን ከሁሉ ጎልቶ ወጥቷል። የቀራጺው ዓይን ያረፈው ወተቱ ላይ ነበር።

በ1969 እ.ኤ.አ. ኢራናዊው ዳርዩሽ መህርጁዪ «ላም» የተሰኘውን ፊልም ከጎላም ሆሴን ሳኤዲ ድርሰት ተነሥቶ ሠራ። አንዲት ላም ብቻ የነበረችው ገበሬ ላሙ ስትሞትበት አእምሮውን ይስትና በረት ገብቶ ድርቆሽ እየበላ «ላሟ እኔ ነኝ» ይላል። የሻሁ መንግሥት በራሱ ገንዘብ ያሠራውን ፊልም መልሶ አገደው። የሰባች ላም ሥዕል ያገደ መንግሥት ግን እስካሁን አልሰማንም።

ከእኛም ወገን ኃይሌ ገሪማ በ1974 እ.ኤ.አ. አገር ቤት ገብቶ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አለ። በዚያ ፊልም የጭሰኛው ልጅ የባላባቱን ላም ከደራሽ ውኃ ለማዳን ስትታገል ራሷ ትሰጥማለች። ላሚቱ የማን እንደሆነች ተመልካቹ ለአፍታ እንኳ አይጠራጠርም። ልጅቱ ለቤተሰቧ ወተት ስትል ብትሞት ኖሮ ኀዘን በሆነ ነበር፤ ለባላባቱ ንብረት ስትሞት ግን ክስ ነው። ፊልሙን ከማናቸውም የዘይት ቀለም ሥዕል የምናስበልጠው ስለዚህ ነው።

ሠዓልያን ወዳጆቻችን «የሚሸጠው ይኸው ነው፤ እኛስ ምን እንብላ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ የቤት ኪራይ ማንንም አይምርም። ከእኛም መካከል ያችኑ ላም ገዝቶ ከአልጋው በላይ የሰቀለ አልጠፋም። እንግዲያው ፀሐይዋንም ይተዉልን፣ ሻኛዋንም ይተዉልን፤ ግን ገመዷን ይሳሉ፤ ገመዱን የያዘውንም እጅ።