ዋንዛው ነው ጅረቱ?

ዛሬ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ቤተሰባችንን ሊያጣላ ስለ ነበረ አንድ ሲዲ ላጫውታችሁ።

ሟቹ ባለቤቴና ታናሽ ወንድሙ ከቴፒ ወጣ ብሎ ያለውን የአባታቸውን ቡና በ1995 ዓ.ም. በሽማግሌ ፊት ተካፍለው፣ ስምምነቱን በኮምፒውተር አስጽፈው ተፈራርመው ነበር። የእኛን ወረቀት የአገራችን እርጥበት በላው፤ የእነሱን ምስጥ። የተረፈው በሲዲ ያስቀመጥነው ፋይል ብቻ ነው። ዘንድሮ ለቀማ ሲደርስ የእኔ ልጆች “ድንበሩ ዋንዛው ነው” አሉ፤ የአጎታቸው ልጅ “የለም፣ ጅረቱ ነው” አለ።

ሲዲው በልጄ ላፕቶፕ ሲከፈት አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የእንግሊዝኛ ፊደል ከቅንፍና ከጥያቄ ምልክት ጋር ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። የባለቤቴ ወንድም ልጅ አየት አደረገኝና “እትዬ፣ ይሄን ማን ነካካው?” አለ። በነርስነት ዘመኔ ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያመመኝ ግን የለም።

በማግስቱ ሁላችንም ሚዛን ተፈሪ ወዳለ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ልጁ ገና እንዳየው “ማዘር፣ ፋይሉ ደህና ነው፤ የሌለው ፎንቱ ነው” አለኝ። ያስረዳኝን እኔ በጤና ጣቢያ ቋንቋ ልንገራችሁ።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ፊደሉን ሳይሆን ቁጥሩን ነው፤ እንደ በሽተኛ ካርድ ቁጥር። የአንዱን ጤና ጣቢያ ቁጥር ይዛችሁ ሌላ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ የሚወጣላችሁ የሌላ ሰው ካርድ ነው። የድሮው ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ናቸው፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሲጨመር ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ቁጥሮች ላይ አሰፈሩት፤ ፓወር ግዕዝ በራሱ አደላደል፣ ቪዥዋል ግዕዝም በራሱ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያ ቁጥር ሲጠራ አቤት የሚለው እንግሊዝኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች ለየራሳቸው የማይነካ ቁጥር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ግን የለመዱትን ለዓመታት አልተዉም፤ የእኛም ውል የተጻፈው በአሮጌው ነበር።

ልጁ ከጓዳ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥቶ፣ የፋይሉን ግልባጭ በድሮው ፕሮግራም ከፈተው። ፊደሉ ግሉኮስ እንደገባለት በሽተኛ ነፍስ ዘራ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አነበብን፤ ድንበሩ ጅረቱ ነው። ልጆቼ ተሳስተው ነበር። እኔ አፈርኩ፤ ያ የጠረጠረኝ ልጅም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ቀለለኝ።

እናንተም ቤት የድሮ ውል፣ ደብዳቤ ወይም የዘር ሐረግ በሲዲ ወይም በፍላሽ ካለ እንዲህ አድርጉ። ፊደሉ ቢበላሽባችሁ “ተበላሽቷል” ብላችሁ አትጣሉት፤ በላዩም ላይ አትጻፉ፣ መጀመሪያ ግልባጭ አውጡ። በወርድ የተጻፈ ከሆነ ጽሑፉ ላይ ስትጫኑ የፎንቱ ስም ከላይ ይታያል፤ ያንን ስም ይዛችሁ ፕሮግራሙ ያለበትን ሰው ፈልጉ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት፤ ፒዲኤፍም አሠሩ፣ አሳትማችሁም በደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ሲቀየር ፊደል ሊዘለል ስለሚችል፣ አንዱ ዋናውን ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው አዲሱን ይከታተል። ስምና ቁጥር ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ። እኛ መርፌ ከመውጋታችን በፊት የመድኃኒቱን ስምና መጠን ደግመን የምናነበው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።