ጥቁሩ ቢራና የእንኩሮ ሽታ

በዚህ ወር ወደ ድስቱ ሳልገባ ስለ አንድ ጠርሙስ ላውጋችሁ።

መጠጥ የሚያመጣልን የሐበሻ ልጅ ባለፈው ወር "ጋሼ፣ ይቅመሱትና ከወደዱት ሜኑ ላይ ያስገቡት" ብሎ ጥቁር ቢራ ሰጥቶኝ ሄደ። ከገብስ ብቅል ሌላ ራይ የሚባል እህል አለበት። ራይ አጃ አይደለም፤ ጀርመኖችና ፊንላንዶች ጥቁሩን ዳቦ የሚጋግሩበት እህል ነው።

ከፍሪጅ እንደወጣ ብጎነጨው ቅዝቃዜው እንጂ ጣዕሙ አልታወቀኝም። አሥር ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ደገምኩት። መጀመሪያ የቡና ምሬት፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለ የዳቦ ቅርፊት፣ መጨረሻ ላይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ምላስ ቆንጠጥ ያደርጋል። ይሄ መቆንጠጡ የራዩ ነው። ሽታው ግን እናቴ ምጣድ አጠገብ ወሰደኝ፤ እንኩሮ ሲታመስ! ነገሩም ያው ነው። ጠላችን ከአሻሮውና ከእንኩሮው እንደሚጠቁር ሁሉ፣ ይሄም የሚጠቁረው ከተቆላው ብቅል ነው።

ጠማቂዎቹ ራይ አያበዙም። እንደ ገብስ ገለባ ስለሌለው ሲበዛ ድፍድፉ እንደ ገንፎ ተያይዞ አልጣራ ይላቸዋል።

ጥቁር ሁሉ ኃይለኛ አይምሰላችሁ። ጊነስ ድራፍት አልኮሉ 4.2 በመቶ ነው፤ የኔው ግን 6.5። መኪና የምትነዱ፣ ቀለሙን ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ ያለውን እዩ። ከጥብስ ጋር ግሩም ነው፤ ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አልወደድኩትም።

አሁን ወዳስደነገጠኝ ነገር ልምጣ። ሴሊያክ ያለባት አንዲት ደንበኛ አለችን። ስንዴ ብትበላ አንጀቷ ይታመማል፤ እኛ ቤት የምትመጣው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ስለምንጋግር ነው። ቅዳሜ ማታ "ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?" ስትለኝ፣ "እንደ ጠላችን ነው፣ ቅመሺው" ብዬ ልቀዳላት ስል የዘጠኝ ዓመት ልጇ፣

"ጋሼ፣ ገብስ የለበትም?" አለችኝ።

እጄ እዚያው ቀረ። ገብስም ራይም ግሉተን አላቸው። ለካ ከገብስ የተጠመቀ ጠላም ለእሷ ያው ነው! ይሄን ሁሉ ዓመት ምግብ ቤት ይዤ፣ "የኛ ነው" የሚለው ቃል ብቻ አዘናግቶኝ ሴትየዋን ላሳምማት ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ቡና አፈላንላት።

ቢራው ሜኑ ላይ ገብቷል። ከስሙ ሥር "ገብስና ራይ አለበት" ብዬ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ መጥታ እየቆጠረች አነበበችውና ቀና ብላ፣

"ሳምቡሳው ላይስ?" አለችኝ።

እሱን ረስቼው ነበር።