ትዳሩ ሲፈርስ ግሪን ካርዱስ? ወደ አገር ቤት ከመሳፈር በፊት

አሜሪካ በሚኖረው ማኅበረሰባችን ውስጥ አንድ ዓይነት ታሪክ ደጋግሞ ይሰማል። እህታችን ኒካህ ታስራ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ ወይም ከጅማ ወደ ባሏ ትሄዳለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትዳሩ ይናጋል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አይሳካም። በመጨረሻ ባልየው፣ አንዳንዴም ሽማግሌው ራሱ፣ «ለጊዜው አገር ቤት ገብተሽ ቤተሰብሽ ጋር ዕረፊ፤ ነገሩ ሲበርድ ትመለሻለሽ» ይላታል። ቲኬት ይቆረጣል። ነገሩ ሳይበርድ ዓመት ያልፋል። ልመለስ ስትል በእጇ ያለው ካርድ አውሮፕላን የማያሳፍር ሆኖ ታገኘዋለች።

ይህ በወንድሞችም ላይ ይደርሳል። በእህቶች ላይ የሚከብደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ በባል እጅ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ የትዳር መፍረስ በራሱ የመኖሪያ ፈቃድን አያጠፋም። ይበልጥ የሚያሰጋው ከመፍረሱ በኋላ በችኮላ የሚደረገው ጉዞ ነው።

የ2 ዓመቱና የ10 ዓመቱ ካርድ

በመጀመሪያ መታየት ያለበት ካርዱ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ነው። ነዋሪነቱ ሲሰጥ ጋብቻው 2 ዓመት ያልሞላው ከነበረ፣ የሚሰጠው ካርድ ለ2 ዓመት ብቻ የሚያገለግል ቅድመ ሁኔታ ያለበት ካርድ ነው። ይህ ሕግ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣው ለወረቀት ተብሎ የሚደረግን የሐሰት ጋብቻ ለመከላከል ነበር። ካርዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት አይ-751 የሚባለውን ፎርም በጋራ ሞልተው ማስገባት አለባቸው። ካልገባ ነዋሪነቱ ይቋረጣል።

ትዳሩ ከፈረሰስ? ሕጉ በር አልዘጋም። ጋብቻው ሲፈጸም እውነተኛ ትዳር እንደነበር ማሳየት የሚችል ሰው ያለ ባል ወይም ያለ ሚስት ፊርማ ብቻውን ማመልከት ይችላል። አብሮ የመኖር ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የግብር ሰነድ፣ ፎቶግራፍ፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ምስክርነት። ድብደባ ወይም ከባድ እንግልት የደረሰባት እህትም በዚሁ መንገድ ብቻዋን የማመልከት መብት አላት።

የ10 ዓመት ካርድ የያዘ ሰው ግን በፍቺ ምክንያት ካርዱን አያጣም። ለእሱ የሚለወጠው የዜግነት ጊዜው ነው። ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር እየኖረ በ3 ዓመት ማመልከት ይችል የነበረው፣ ከተፋታ 5 ዓመት ይጠብቃል።

«አሰርዝብሻለሁ» የሚለው ዛቻ

ብዙ እህቶችን የሚያስደነግጠው ይህ ቃል ነው። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ካለ፣ አመልካቹ ባል ማመልከቻውን ማንሳት ይችላል። ነዋሪነቱ ከተሰጠ በኋላ ግን ስልክ ደውሎ የሚሰርዘው ካርድ የለም። ነዋሪነቱ የእሷ ነው፤ ሊነጥቃት የሚችለው መንግሥት በሕግ ሥርዓት ብቻ ነው። የሚበደል የትዳር ጓደኛም በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው የሴቶች ጥቃት መከላከያ ሕግ መሠረት፣ ባል ሳያውቅ በራሷ ስም የምታመለክትበት መንገድ አለ።

ሌላም ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። ባል ሚስቱን ሲያስመጣ አይ-864 በሚባለው ፎርም ላይ ይፈርማል፤ ኑሮዋ ከተወሰነ የገቢ መጠን በታች እንዳይወርድ የሚደግፍበት ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ በፍቺ አያበቃም። ነዋሪነቷን አጥታ ከአገር ከወጣች ግን ያበቃል። እንግዲህ «አገር ቤት ዕረፊ» የሚለው ምክር አንዳንዴ ለማን ዕረፍት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የጉዞው ስሌት

አገር ቤት መሄድ ክልክል አይደለም። ሰው በሐዘን ጊዜ እናቱን ቢፈልግ የሚፈረድበት አይደለም። ስሌቱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ6 ወር በታች የሆነ ጉዞ ብዙ ጊዜ ችግር አያመጣም። ከ6 ወር ካለፈ በመግቢያው ላይ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ ለዜግነት የሚቆጠረውም ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። ከ1 ዓመት ካለፈ ካርዱ ለመግቢያነት አያገለግልም። ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት የሚያስብ ሰው እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ ማመልከቻው ግን አሜሪካ ውስጥ እያለ መግባት አለበት። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ይህን መጠየቅ አይቻልም። የ2 ዓመት ካርድ ያላት እህት ደግሞ ፈቃድ ብታወጣም የአይ-751 ቀነ ገደብ አይቆምላትም።

ካርዷ የተወሰደባት ወይም የጠፋባት፣ ከወጣችም 1 ዓመት ያልሞላት፣ በኤምባሲ በኩል የመሳፈሪያ ሰነድ መጠየቅ ትችላለች። 1 ዓመት ያለፋት ለተመላሽ ነዋሪ የሚሰጠውን ቪዛ መሞከር ትችላለች፤ ግን የዘገየችው ከአቅሟ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅባታል። ቀላል አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይም ነዋሪነትን በፈቃድ የመተው ፎርም፣ አይ-407፣ ቢቀርብላት የመፈረም ግዴታ የለባትም። ጉዳይዋን በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የማስረዳት መብት አላት።

ልጅ ካለ ነገሩ ይጠነክራል። የሌላውን ወላጅ መብት ለመንፈግ ልጅን ከአሜሪካ ይዞ መውጣት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ልጅ ይዞ ከመጓዝ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል።

ጦላቁና የፍርድ ቤቱ ወረቀት

በስልክ የተነገረ ጦላቅ ወይም ከመስጂድ የተጻፈ ወረቀት በአሜሪካ ሕግ ፊት ጋብቻን አያፈርስም። ብቻዋን አይ-751 የምታስገባ የተፋታች እህት የምትጠየቀው የፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ነው። በሸሪዓ ተፋተን ጨርሰናል ብሎ ፍርድ ቤቱን መተው፣ ሴቲቱን በዲኗ የተፈታች፣ በወረቀት ግን ያገባች አድርጎ ያስቀራታል። ሁለቱም መፈጸም አለባቸው።

የሽማግሌዎቻችን አማና

በዲናችን ጦላቅ ሥርዓት አለው። በሱረቱ አጥ-ጦላቅ መጀመሪያ ላይ የተፈታች ሴት ዒዳዋን ሳትጨርስ ከቤቷ እንዳትባረር ታዟል። ዑለማዎች ጥበቡን ሲያብራሩ፣ በሚመለስ ጦላቅ ጊዜ ልብ እንዲለሰልስና ትዳሩ እንዲጠገን ዕድል ለመስጠት ነው ይላሉ። ጦላቅ በተባለ ማግስት ቲኬት ቆርጦ ከአገር ማስወጣት ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት አይከብድም። በሱረቱል በቀራህም የሚፈታ ሰው በመልካም እንዲይዝ ወይም በመልካም እንዲያሰናብት፣ ለመጉዳት ብሎ እንዳያቆይ ታዟል። ፓስፖርትና ካርድ ደብቆ ማሰናበት መልካም ማሰናበት አይደለም፤ በደል ነው።

ከሁለቱም ወገን አስታራቂ ይቀመጥ ያለው ዲናችን፣ አስታራቂው የሚናገረውን እንዲያውቅም ይጠብቅበታል። ስለዚህ ኢማሞቻችንና ሽማግሌዎቻችን «ሂጂ» ከማለታቸው በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ካርዷ የስንት ዓመት ነው? መቼ ያበቃል? ወረቀቶቿ በማን እጅ ናቸው? የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክራለች? የየሰው ጉዳይ ይለያያልና መልሱን ከባለሙያ እንጂ ከወሬ አይውሰዱ።

ቤተሰብም ልጁ በድንገት ስትመጣ እጁን ዘርግቶ ይቀበላት፤ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ካርዷን ተመልክቶ ቀኑን ይቁጠርላት። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣ ምክር ሐዘን ከመካፈል አያልፍም። አላህ የፈረሰውን ይጠግን፤ የማይጠገነውንም ያለ በደል የሚለያዩበት ያድርገው።