“የሽንት ችግር ነው” አትበሉን

አባት ፕሮስቴት ካንሰር ሲይዛቸው ቤተሰቡ “ትንሽ የሽንት ችግር ነው” ይላል። እሺ፣ ጎረቤት ይሸወድ። ታማሚው ራሳቸውስ ለምን ይሸወዳሉ?

የሆርሞን መርፌው ቴስቶስትሮንን ያወርዳል፤ ካንሰሩ የሚፋፋው በእሱ ነዋ! ቻርለስ ሃጊንስ ይህን በ1941 እ.ኤ.አ. አሳይተው በ1966 ኖቤል ተሸልመውበታል። ምስጢር አይደለም። ግን ያው መርፌ ሌሊት በላብ ያጠምቃል፣ የወሲብ ፍላጎት ያጠፋል፣ ጡት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ሆደ ባሻ ያደርጋል። ጨረሩ ደግሞ ድካምና የሽንት ጥድፊያ ይጨምርበታል። ይህን ማንም ቀድሞ ያልነገረው ሰው ምን ያስባል? “ወንድነቴ አለቀ” ብሎ ሚስቱን ይሸሻል። ሲብስም መርፌውን ያቋርጣል።

“በዚህ ዕድሜ ወሲብ ምን ያደርግላቸዋል?” የምትሉ ሐኪሞች (አላችሁ!)፣ እሱን ማን ጠየቃችሁ? ጆ ባይደን በ82 ዓመታቸው ጨረርና ሆርሞን እየወሰዱ መሆኑ በ2025 ለዓለም ተነግሯል። ሰማይ አልተደፋም።

ለላቡ መድኃኒት አለ። ለአጥንቱና ለድካሙ እንቅስቃሴ ይረዳል። ለመኝታ ቤቱም ቢሆን የሚሞከር ነገር አለ፣ አፍ አውጥቶ ለጠየቀ። እና ልጆች፣ በቀጠሮው ቀን ደጅ ቁጭ ብላችሁ ስልክ አትነካኩ። ፈቃዳቸው ከሆነ አብራችሁ ግቡና እሳቸው ያፈሩትን እናንተ ጠይቁ።